ለእናትም የልምምድ ሰዓት ይኑራት

እናት የቤት ምሰሶ ናት ይባላል። አባባሉ ክብርን የሚገልጽ ቢሆንም፣ ምሰሶ አንዴ ከተተከለ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። እናት ግን የምትደክም፣ ማረፍ፣ መጫወትና መሳቅ የሚያስፈልጋት፣ አዲስ ሙያ ለመማርም ችሎታ ያላት ሰው ናት።

በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ሲቋቋም በመጀመሪያ የሚመዘገቡት ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ያገቡት፣ ቀጥሎም የወለዱት አንድ በአንድ እየቀሩ ይሄዳሉ። ለምን እንደቀረች ስትጠየቅ የብዙዋ እናት መልስ «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። አንዳንዷ ደግሞ ጨርሳ ባትቀርም፣ በውድድር ቀን ብቻ ብቅ ስለምትል የምትመታው ኳስ መረብ ሥር ይቀራል። ጓደኞቿ ባይናገሯትም እርሷ ራሷ ታፍርና በሚቀጥለው ጊዜ ትቀራለች።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎም ከነዚህ እናቶች አንዷ ይሆኑ ይሆናል። «ጊዜ የለኝም» ማለትዎ ሐሰት አይደለም። ከሥራ መልስ የሚጠብቅዎ ወጥ፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የሚታጠብ ልብስ፣ የሚጋገር እንጀራ እንዳለ ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ጊዜ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ስላልሆነ፣ ካልተመደበና ካልተጠበቀ ለማንም አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሠራተኛ እናት ለምትወደው ስፖርት በሳምንት ጥቂት ደቂቃዎችን እንዴት ልታገኝ እንደምትችል፣ ያገኘቻትንም ጊዜ በከንቱ ሳታባክን ችሎታዋን ለማሻሻል እንዴት ልታውላት እንደሚገባ እንመለከታለን። ለምሳሌ የወሰድነው የመረብ ኳስን ነው። ምክንያቱም ሜዳው ሰፊ ቦታ አይፈልግም፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ከዚህም በላይ በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ የፋብሪካ ሴቶች ልዩ ስፍራ አላቸው።

ከፈትል ፋብሪካ እስከ ኦሊምፒክ ሜዳ

የ1964 (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲነሳ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀድሞ የሚታወሰን አበበ ቢቂላ ነው። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ትልቅ ውድድር ተካሄደ። የመረብ ኳስ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በዚያን ዓመት ሲሆን፣ በሴቶች ለወርቅ ሜዳልያው የተገናኙት ጃፓንና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ። ጃፓናውያቱ 15 ለ11፣ 15 ለ8 እና 15 ለ13 በሆነ ውጤት አሸነፉ።

እነዚህ ሴቶች እነማን ነበሩ? ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ በኦሳካ አቅራቢያ በምትገኘው በካይዙካ ከተማ የኒቺቦ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ኩባንያው በ1954 (እ.ኤ.አ.) በልዩ ልዩ ፋብሪካዎቹ የነበሩትን ሴት ተጫዋቾች በካይዙካ አሰባስቦ አንድ ቡድን አቋቋመ። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ይባል ነበር። ሴቶቹ ቀን እንደማንኛውም ሠራተኛ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ከሥራ መልስ ወደ ልምምድ ሜዳ ይገቡና እስከ እኩለ ሌሊት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይለማመዳሉ። በዚህ ዓይነት በ1962 (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በአውሮፓ ሲዞሩም አልሸነፍ በማለታቸው «የምሥራቅ ጠንቋዮች» የሚል ስም ወጣላቸው።

የጥንቆላቸው ምስጢር ግን አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ ሊደረስባት የማትችል የምትመስለውን ኳስ ተወርውረው ካነሱ በኋላ መሬት ላይ ተንከባለው ወዲያው የሚነሱበትን ዘዴ ፈጠሩ። ይህን ዘዴ ሰውነታቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ እስኪያደርገው ድረስ በሺህ ጊዜ ደጋገሙት። ተጋጣሚዎቻቸው በቁመት ይበልጧቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ኳስ መሬት እንዳትነካ በማድረግ በለጧቸው።

የማይቀዳው ነገር

ይህን ታሪክ ያነሳነው እርስዎም እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ለማለት አይደለም። እንዲያውም በታሪኩ ውስጥ ልናስብበት የሚገባ ከባድ ነገር አለ። የካይዙካ ሴቶች በኩባንያው መኖሪያ የሚኖሩ ያላገቡ ልጃገረዶች ነበሩ። ትዳርና ልጅን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነበረባቸው። እንቅልፋቸው አጭር፣ የአሠልጣኙም ጠባይ ብርቱ ስለነበር በገዛ አገራቸው ጭምር ነቀፌታ ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ልምምድ ልጅ ያላት እናት ፈጽሞ የምትገባበት አልነበረም። ሴት ወይ እናት ወይ ስፖርተኛ ትሁን የሚለው ምርጫ ያኔ እንደተፈጥሮ ሕግ ይታይ ነበር።

ደግነቱ ታሪኩ በዚያ አላበቃም። የወርቅ ሜዳልያው ቡድን አምበል ማሳኤ ካሳይ ከኦሊምፒኩ በኋላ አገባች። ከዚያም ዕውቀቷን ለእናቶች የመረብ ኳስ ማስፋፊያ አዋለችው። በጃፓን የባለትዳር ሴቶች አገር አቀፍ የመረብ ኳስ ውድድር በ1970 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። በዚህ ጨዋታ በአንድ ወገን የሚሰለፉት 6 ሳይሆኑ 9 ናቸው። የመረቡም ከፍታ በሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ከተወሰነው 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜዳውን ብዙ ሰው ስለሚሸፍነው የአንዷ ሩጫ ይቀንሳል፤ መረቡም ዝቅ ስለሚል መዝለሉ ይቀላል። እነዚያ እናቶች ከጨዋታው ከመውጣት ይልቅ ጨዋታውን ለኑሯቸው እንዲስማማ አደረጉት። እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በሰፈርዎ መረቡን ዝቅ አድርጎ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆኖ መጫወት የሚከለክልዎ የለም።

መጫወት ሌላ፣ መለማመድ ሌላ

ብዙዎቻችን በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበን ከተጫወትን የተለማመድን ይመስለናል። ጨዋታ ደስታን ይሰጣል፣ ላብ ያስወጣል፣ ወዳጅነትን ያጠነክራል። ችሎታን ለማሻሻል ግን ብቻውን አይበቃም። ነገሩን በቁጥር እንየው። ስድስት ለስድስት በሚደረግ ጨዋታ ውስጥ ሰርቪስ የመምታት ተራ የሚደርሰው በዙር ስለሆነ፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ እርስዎ የሚመቱት ጥቂት ኳስ ነው። ለብቻዎ ከግድግዳ ፊት ቢቆሙ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ 50 ወይም 60 ጊዜ ለመምታት ይችላሉ። በጨዋታ ላይ ኳስዎ መረብ ሥር ሲቀር ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ አያገኙም፤ ወዲያው ተራው የሌላ ይሆናል። በልምምድ ላይ ግን ቆም ብለው «እጄ ነው ወይስ እግሬ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አስተካክለውም እንደገና ይመታሉ።

አንደርስ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ የቫዮሊን ተማሪዎችን አጥንቶ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት አመልክቷል። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱት ተማሪዎች ለብቻቸው ሆነው፣ የሚያሻሽሉትን ነገር ለይተው፣ በሙሉ ሐሳብ በመለማመድ ብዙ ሰዓት ያሳለፉት ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ልምምዳቸውን በየመሐሉ ዕረፍት እያደረጉ መከፋፈላቸውና እንቅልፋቸውንም መጠበቃቸው ነው። ስለዚህ ድካም የወደቀበት አእምሮ አይማርም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለሠራተኛ እናት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከእንቅልፍዎ ላይ የሚቀንሱት ሰዓት የልምምድ ሰዓት ሊሆን አይችልም።

ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ተረት በጥናትም የተደገፈ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች የታይፕ ጽሕፈት እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። አንዳንዶቹ በቀን 1 ሰዓት ብቻ፣ አንዳንዶቹ በቀን 2 ሰዓት፣ ሌሎቹ ደግሞ በቀን 4 ሰዓት ተማሩ። ውጤቱ ሲታይ በቀን 1 ሰዓት የተማሩት ጽሕፈቱን ለማወቅ የፈጀባቸው የሰዓት ድምር ከሁሉም ያነሰ ሆነ። የሚገርመው ግን፣ በአሠራሩ ይበልጥ ቅር የተሰኙት እነዚሁ ሠራተኞች ነበሩ፤ ትምህርቱ ብዙ ቀን ስለፈጀ ወደኋላ የቀሩ መሰላቸው።

እርስዎም ይህ ስሜት ይደርስብዎት ይሆናል። በሳምንት አራት ጊዜ 20 ደቂቃ ብቻ ሲለማመዱ ምንም ለውጥ የሌለ ይመስልዎታል። ነገር ግን እሑድ ቀን አንድ ጊዜ ለ80 ደቂቃ ከመድከም ይልቅ ያንኑ 80 ደቂቃ ለአራት ቀን መክፈል የተሻለ ፍሬ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን የተማሩት ነገር በመሐሉ ባሉት ቀናት ይረጋል፤ በሚቀጥለው ቀን ሲመለሱበትም ሰውነትዎ ያስታውሰዋል።

ሌላም ጠቃሚ ምክር አለ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የባድሜንተን ሰርቪስ በሚማሩ ሴት ተማሪዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሦስቱን የሰርቪስ ዓይነቶች አደባልቀው የተለማመዱት ተማሪዎች፣ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱት ይልቅ ከልምምዱ በኋላ በተደረገው ፈተና በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አመታት አንዴ ካወቁት በኋላ ኳሷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርገው ይለዋውጡ። መጀመሪያ ላይ ስሕተቱ ይበዛል፤ ሙያው የሚዘልቀው ግን በዚህ መንገድ ነው።

ልምምዱን ከሰርቪስ ይጀምሩ

ከመረብ ኳስ ሙያዎች ሁሉ ያለ ጓደኛ ልትለማመዱት የምትችሉት ሰርቪስ ነው። ጥቅሙም ትልቅ ነው። በቀድሞው ደንብ ሰርቪስ የተበላሸባት ተጫዋች ተራውን ለተጋጣሚ ታስረክብ ነበር እንጂ ነጥብ አታስቆጥርም ነበር። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ ኦሊምፒክም የተሠራበት አዲሱ ደንብ ግን እያንዳንዱ ስሕተት ለተጋጣሚ ነጥብ እንዲሆን አድርጎታል። አንድ ዙር የሚያልቀው በ25 ነጥብ ስለሆነ፣ አምስት የተበላሸ ሰርቪስ ማለት አንድ አምስተኛውን በነፃ ማስረከብ ማለት ነው።

ለጀማሪ የሚስማማው ከታች ወደ ላይ የሚመታው ሰርቪስ ነው። በቀኝ እጅዎ የሚመቱ ከሆነ የግራ እግርዎን ወደፊት ያስቀድሙ፤ ጉልበትዎን ትንሽ ያጠፉ። ኳሷን በግራ እጅዎ መዳፍ ላይ አድርገው በወገብዎ ትክክል ይያዙ። ቀኝ ክንድዎን ወደኋላ ወስደው እንደ ዥዋዥዌ ወደፊት ያምጡ። ኳሷን በጥቂቱ ለቀቅ አድርገው፣ ከሥር ከበስተኋላዋ በኩል በመዳፍዎ ተረከዝ ይምቱ። በምትመታበት ቅጽበት የሰውነትዎ ክብደት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር መሻገር አለበት። ኃይሉ የሚመጣው ከእግርና ከወገብ ስለሆነ በክንድዎ ብቻ ለመምታት አይድከሙ። ኳሷ ወደ ጎን የምትሄድብዎ ከሆነ ክንድዎ ቀጥ ብሎ ወዳሰቡት ቦታ መሄዱን ይመልከቱ። ወደ ላይ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ እላይ አድርሰው ስለመቷት ነው፤ በሚቀጥለው ከወገብ በታች ሳለች ያግኟት።

ለዚህ ሜዳ መከራየት አያስፈልግም። አጥር ወይም ግድግዳ ላይ በ2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በጠመኔ መስመር ያስምሩ፤ ያ መረብዎ ነው። መጀመሪያ በ5 ወይም በ6 ሜትር ርቀት ቆመው ከመስመሩ በላይ ይምቱ። ከ10 ምት 8ቱ ካለፈልዎት አንድ እርምጃ ወደኋላ ይበሉ። የሜዳው ግማሽ 9 ሜትር ስለሆነ ግብዎ ከዚያ ርቀት መምታት ነው። 9 ሜትር ሲደርሱ ከመስመሩ በላይ ሁለት ክብ ሥለው እያፈራረቁ ያነጣጥሩ። ግቢው ጠባብ ከሆነ ወይም ጎረቤት የሚረበሽ ከሆነ፣ ሁለት እጅዎን አቆላልፈው ኳስን በክንድ የመቀበል ልምምድ በ3 ሜትር ቦታ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከአሮጌ ጨርቅና ካልሲ የተሠራች ኳስም ድምፅ ሳታሰማ እጅን ታፍታታለች።

ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት ለ3 ደቂቃ ትከሻዎንና ቁርጭምጭሚትዎን ያሟሙቁ። በመጨረሻም ከልጆች አሮጌ ደብተር አንድ ገጽ ወስደው ቀኑን፣ ከስንት ሜትር እንደመቱ፣ ከ10 ስንቱ እንዳለፈልዎት ይጻፉ። ከወር በኋላ «ምንም አልተለወጥሁም» የሚለውን ሐሜተኛ ሐሳብ የሚረታልዎ ይህ ገጽ ነው።

ጊዜው ከየት ይምጣ?

በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ለእንቅልፍ በቀን 8 ሰዓት ቢያዝ 56 ሰዓት ይሆናል። የሚቀረው 64 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የመንገዱ፣ የማዕድ ቤቱ፣ የልጆቹና የማኅበራዊ ኑሮው ሲቀነስ ምንም የማይቀር ይመስላል። ይሁን እንጂ የምንፈልገው 80 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሳምንቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

በመጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀንዎ በምን በምን እንደሚያልፍ በደብተር ይመዝግቡ። የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሠራውም ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ባለቤትዎና ከፍ ከፍ ያሉት ልጆችዎ ባሉበት ደብተሩን ገልጠው ያንብቡት። ያለ ንትርክ የሚናገር ማስረጃ ነው። ብዙ ጊዜ አባወራው እምቢ የሚለው ከክፋት ሳይሆን የቤቱ ሥራ በማን እጅ እንደሚያልቅ ቆጥሮት ስለማያውቅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሰሐን ሊያጥብ፣ ሽንኩርት ሊልጥ፣ ታናሹን ሊያጫውት ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ለእናት ብቻ የከበደው ሥራ ለአራት ሲካፈል ለሁሉም ይቀላል።

ሁለተኛው ዘዴ የጊዜ ዕቁብ ነው። እቁብ መጣል የማያውቅ የከተማ እናት የለችም። ታዲያ ለገንዘብ የሚሆነው ለጊዜ ለምን አይሆንም? በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ አራት እናቶች ቢስማሙ፣ በተራ አንዷ የሁሉንም ልጆች ስትጠብቅ ሦስቱ ይለማመዳሉ። በሚቀጥለው ቀን ተራው የሌላዋ ይሆናል። በአራት ቀን ውስጥ እያንዳንዷ አንድ ቀን ጠብቃ ሦስት ቀን ትለማመዳለች፤ አራተኛውን ቀን እሑድ ጧት አባቶች ይያዙት። እንደ ገንዘቡ ዕቁብ ሁሉ ዳኛና ደንብ ይኑረው። ተራዋን ያለ በቂ ምክንያት የምታፈርስ በሚቀጥለው ሁለት ቀን ትጠብቅ። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ሰዓቱን ሰው የሚያውቀው መሆኑ ነው። ለብቻ የተያዘ ቀጠሮ በትንሽ ምክንያት ይሰረዛል፤ ሦስት ጎረቤቶች የሚጠብቁበት ቀጠሮ ግን ይከበራል።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ሲመርጡ ኑሮዎን ይመልከቱ። የሚጾሙ ከሆነ ረቡዕንና ዓርብን ትተው ማክሰኞን፣ ሐሙስን፣ ቅዳሜንና እሑድን መያዝ ይችላሉ። በረመዳን ወር ደግሞ ልምምዱን አቅልሎ ከማፍጠሪያ በኋላ ማድረግ ይሻላል። በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ የሌሊት ፈረቃ በወጡበት ጧት ሳይሆን ተኝተው ከተነሡ በኋላ ይለማመዱ። በመሥሪያ ቤትዎ ቅጥር ግቢ ግድግዳና ጥቂት ክፍት ቦታ ካለም የምሳ ዕረፍቱ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ከምግብ በፊት እንጂ ወዲያው ከምግብ በኋላ አይሁን።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። የሕክምና ክልከላ ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ቢያንስ 150 ደቂቃ ጥሩ እንደሆነ በዚሁ መመሪያ ተገልጿል። በእግር ወደ ሥራ መሄድም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

ይህ ማለት ግን በቅርቡ የወለደች እናት ተነሥታ ትዝለል ማለት አይደለም። በተለይ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር የለባቸውም። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ በእግር መሄድና የማሕፀንና የፊኛ ደጋፊ ጡንቻዎችን ማጠንከር ነው። ይህም ሽንትን እንደመቋጠር እያደረጉ ጥቂት ቆጥሮ መልቀቅ፣ ከዚያም መድገም ነው። ሲዘሉ ወይም ሲያስሉ ሽንት ጠብ የሚልባቸው እናቶች በኀፍረት ስፖርቱን ከመተው ይልቅ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ በሕክምናና በልምምድ ሊሻሻል የሚችል ነገር ነውና። እስከዚያው ድረስ ከታች የሚመታው ሰርቪስና ኳስ መቀበል መዝለል ስለማይጠይቁ የተሻሉ ናቸው። የሚያጠቡ እናቶች ከልምምዱ በፊት ቢያጠቡ ለሰውነታቸው ይቀልላቸዋል፤ ውኃም በብዛት ይጠጡ።

ጫማ እንዳያንሸራትት ይጠንቀቁ። ቱታ ባይኖር ሰፋ ያለ ሱሪና ሹራብ ይበቃል። ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን በቁርጠኝነት ስም መቀጠል ሞኝነት ነው።

ልጅ የሚያየውን ይማራል

አንዳንድ ሰዎች «የልጆች እናት ሆና ኳስ ትመታለች?» ብለው ይስቁ ይሆናል። ለነዚህ ሰዎች መልሱ ከሩቅ አይመጣም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና ወርቅ ካገኘች በኋላ ወልዳ፣ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ በዚያው በ10 ሺህ ሜትር እንደገና ወርቅ አጥልቃለች። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸንፋለች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ወልዳ በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አግኝታለች። እነዚህ ብርቅዬዎች ናቸው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን እናትነት የሰውነትንም ሆነ የአእምሮን ችሎታ እንደማይዘጋ አሳይተዋል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ወርቅ ሳይሆን ከ10 ሰርቪስ 8ቱን ማሻገር ነው።

ይህ ጉዳይ በርግጥ የእናት ፈንታ ብቻ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበራትና የመሥሪያ ቤት የስፖርት ኮሚቴዎች የልምምድ ሰዓት ሲመድቡ ከሥራ መልስ ምሽት ላይ ብቻ ካደረጉት፣ እናቶችን በወረቀት ጋብዘው በሰዓት መልሰዋቸዋል ማለት ነው። ልምምዱ በምሳ ዕረፍት አካባቢ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቢሆን፣ ልጅ ይዛ ለምትመጣም አንድ ጥላ ያለው ስፍራ ቢዘጋጅ፣ ከዝርዝሩ የተሠረዙት ስሞች ይመለሳሉ። ባሎችም በውድድር ቀን ከማጨብጨብ ይልቅ ማክሰኞ ምሽት ሕፃኑን ቢይዙ የበለጠ ይረዳሉ።

ልጆች ደግሞ ከምክር ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉ። «አጥኑ፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ» ብትላቸው በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው የሚያፈሱት ልጆች፣ እናታቸው ትላንት ያቃታትን ኳስ ዛሬ ስታሻግር፣ ከዚያም በደብተሯ ላይ ስትጽፍ ሲያዩ የትጋትን ትርጉም ይረዳሉ። ሴት ልጅዎ ነገ አግብታ ስትወልድ «ጊዜ የለኝም» ብላ ከምትወደው ሁሉ ትለያለች ወይስ ለራሷም የሚሆን ሰዓት ታስከብራለች? መልሱ ዛሬ በእርስዎ ቤት እየተጻፈ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፣ ሌላ ዓመት ወይም ልጆቹ የሚያድጉበትን ጊዜ አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ጎረቤቶችዎን በቡና ላይ ያነጋግሩ፤ ግድግዳ ይምረጡ፤ ጠመኔና ደብተር ያዘጋጁ። ቀኑን ቆርጠው ለቤተሰቡ ያስታውቁ። ሰዓቱ ሲደርስም ወጡ ቢቀር፣ ልብሱ ሳይታጠብ ቢያድር ሃያ ደቂቃ ቤቱን አያፈርሰውም።